የመጨረሻው ዙር በሲኒማ ራስ

አቶ ወልደሚካኤል ከቤታቸው ጀርባ ባለው ግቢ፣ ሲሚንቶው ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ሞተው ተገኙ። ከበላያቸው፣ የብረት ደረጃው ጫፍ ላይ፣ በወጣትነታቸው ለውድድር ሲነዱ ያደርጓት የነበረችው የቆዳ ኮፍያ መከለያው ላይ ተሰቅላለች። በቤቱ ፊት ለፊት፣ በሲኒማ ራስ መታጠፊያ፣ የዓመቱ የመኪና ውድድር አሸናፊዎች ዋንጫቸውን ገና አልተቀበሉም ነበር።

ኢንስፔክተር የሻሽወርቅ ስትደርስ ሳጅን ጎበዜ ነገሩን ጨርሶ ጠበቃት። ድምፅ ማጉያው ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ውድድሩ ከመርካቶ ወጥቶ ከተማ ዳር እንደሚደረግ አሳውቋል፤ ሽማግሌው ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለዚህ ውድድር የኖሩ ናቸው፤ ስለዚህ ኮፍያቸውን ሰቅለው፣ ዓለምን ተሰናብተው ራሳቸውን ወረወሩ። ጎበዜ ክፉ ሰው አይደለም። እሁድን ቤቱ ማሳለፍ የሚወድ ሰው ነው እንጂ።

የሻሽወርቅ በበኩሏ ሌላው የጨረሰውን ነገር እንደ አዲስ የመጀመር ልማድ ስላላት ጣቢያው ውስጥ ብዙ ወዳጅ የላትም። ሬሳውን እንዲያገላብጡላት ጠየቀች። ኮቱ ጀርባ ላይ፣ ወገቡ አካባቢ፣ የዝገት መስመር ተጋድሟል። ደረጃውን ወጥታ የመከለያውን ብረት ስትዳብሰው ጣቷ በዝገት ቀላ።

«ጎበዜ፣ ከዚህ ራስህን ብትወረውር ፊትህን ወዴት ታዞራለህ?»

«ወደ ግቢው ነዋ።»

«እኚህ ሰው ግን ጀርባቸውን ለግቢው ሰጥተው ነው የወደቁት። ፊታቸው ወደ ቤቱ ነበር። ቤቱ ውስጥ ማን ነበር?»

ጎበዜ እሁዱ እንደተበላሸ ገባው።

ሩሀማ፣ የሟቹ አንድያ ልጅ፣ ደረጃው ሥር ቆማ ነበር። አታለቅስም። የነፍስ አባታቸው መጥተው፣ ፖሊሶቹ የሚሉትን ሰምተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ተመልሰዋል። ራሱን ለገደለ ሰው ፍትሐት የለም። ሬሳው ሆስፒታል ሲሄድ ልጅቷ ኢንስፔክተሯን ክንዷን ያዘቻት።

«እናቴ መቃብር አጠገብ ቦታ አለው፤ ራሱ ነው ያዘጋጀው። ካህን ሳይጸልይለት አፈር ላልብሰው? ራሱን ከገደለም ንገሩኝ፣ እችለዋለሁ። ግን አባዬ ራሱን አይገድልም።»

«ራሱን ካልገደለ የገደለው ሰው አለ ማለት ነው» አለች የሻሽወርቅ። «ያውም የምታውቂው ሰው። አስበሽበታል?»

«አስቤበታለሁ።»

አላሰበችበትም ነበር።

ድሮ በውድድሩ ቀን የዚህን ቤት ባልኮኒ ለማግኘት ሰው ይለማመጥ ነበር። እስከ ሸማ ተራ ድረስ ጣሪያው ሁሉ ሰው ነው፤ ቆርቆሮ ይጎደጉዳል፣ ባለቤቱም አይቆጣም። ሞተሮቹ ሲያልፉ መስኮት ይንቀጠቀጣል፤ የቤንዚኑ ሽታ ልብስ ላይ ያድራል። ዘንድሮ ታች የቆመው ጥቂት ሕዝብ እንኳ መኪናውን የሚያየው በስልኩ ነው፤ መታጠፊያውን ለመከለል አሮጌ ጎማ በደስታ ያውሱ የነበሩት የጎማ ተራ ነጋዴዎችም መንገድ ተዘጋብን እያሉ ሲያጉረመርሙ ሰነበቱ። ባልኮኒው ላይ የተቀመጡት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሽማግሌው፣ ሩሀማና የሽማግሌው የዘመን ጓደኛ አቶ ቦጋለ።

አቶ ቦጋለ መካኒክ ናቸው። ወልደሚካኤል ሲነዱ መኪናቸውን የሚያዘጋጁት እሳቸው ነበሩ፤ ለሩሀማም ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። መርካቶ «ባለ ጆሮው» ይላቸዋል። ኮፈኑ ሳይከፈት፣ ሞተሩን ሰምተው ብቻ ሕመሙን ይናገራሉ ስለሚባል መኪናውን ከሌላ ሰፈር ድረስ የሚያመጣላቸው ሰው አለ።

የሻሽወርቅ በማግስቱ ጋራዣቸው ሄደች። ሐዘን ሲደርስበት ሥራ ውስጥ የሚደበቅ ሰው አለና አልገረማትም። የተቃጠለው ዘይት ስለከረፋት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሰላምታ ሰጠች። ሽማግሌው ትክ ብለው አዩዋት።

«ነጠላሽን አውርጂው፣ ልጄ። ሐዘንተኛን ፊት ለፊት ነው የሚያናግሩት።»

አፈረችና አወረደችው። ከዚያ በኋላ ያልጠየቀቻቸውን ሁሉ ሳይቀር ነገሯት፤ የወጣትነታቸውን፣ የዋንጫውን፣ ወልደሚካኤል ሲስቁ እንዴት እንደሚያስነጥሳቸው። የእሁዱን ስትጠይቅ ግን አጭር ሆኑ።

«በመጨረሻው ዙር ወደ ጓሮ ገባ፤ ሽንት ቤት የሄደ መስሎኝ። እኔ ከባልኮኒው አልተነሳሁም። ያ ሁሉ ሞተር ከሥሬ እየጮኸ እንዴት ልስማው? ብሰማው ኖሮ አልደርስለትም ነበር?»

እንባቸው የእውነት ነበር። የሻሽወርቅ ይህን አልተጠራጠረችም። በሩ ጋ ደርሳ «እግዜር ያጽናዎ» ስትል መልስ አላገኘችም፤ ዞር ብላ አየቻቸው። አጠገባቸው የሚሠራ ሞተር ላይ ካቻቢቴያቸውን ተክለው፣ እጀታውን በጥርሳቸው ነክሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። መካኒክ ካቻቢቴ ጆሮው ላይ ሲያደርግ እንጂ ሲነክስ አይታ አታውቅም።

ከዚያ ወደ ሩሀማ ሄደች። ልጅቷ የምታስታውሰው ትንሽ ነው። ድምፅ ማጉያው ውድድሩ መርካቶን እንደሚለቅ ሲናገር ደነገጠች፤ አባቷም ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ጋሽ ቦጋለስ?»

«እሱማ ብርቱካን እየላጠ ነበር። እንደውም ፈገግ እንዳለ ነው። አባዬ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ኮፍያውን አፉ ላይ አድርጎ የሆነ ነገር አለው፤ ምን እንዳለ አልሰማሁትም። ጋሽዬ አልመለሰለትም። እኔ ወዲያው የመጨረሻውን ዙር ከቅርብ ልየው ብዬ ወረድኩ። ስወርድ አባዬ ጋሽዬን በእጁ እየጠራው ነበር።»

«ወዴት?»

«ወደ ውስጥ።»

ጎበዜ በበኩሉ ሥራ አልፈታም። ራስን መግደል ካልሆነ ገዳይ አግኝቻለሁ አለ። እዚያው ግቢ ውስጥ እትዬ ፋጢማ የሚባሉ፣ አንዋር መስጊድ አጠገብ ቅመም የሚሸጡ ሴት ከልጃቸው ከሙናዊር ጋር ይኖራሉ። ከብዙ ዓመት በፊት የወልደሚካኤል መኪና በውድድር መሀል ከመታጠፊያው ወጥታ የፋጢማን የበኩር ልጅ ገድላለች። የፊት ጎማዋን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ተሰባብሮ ጎማው ተነቅሎ ነበር። ሽማግሌው ከዚያ ቀን ወዲህ መሪ አልጨበጡም፤ እናትና ልጅን ግቢያቸው አስገብተው፣ ኪራይ ሳይጠይቁ አኖሩ። ጎበዜ «ደም አይረሳም» ብሎ ሙናዊርን ጣቢያ አስገባው። ሩሀማ ይህን ስትሰማ ፊቷ ዐመድ መሰለ። ከሙናዊር ጋር አብረው ነው ያደጉት፤ ለአባቷ ፍትሐት ስትለምን የእሱን አንገት የምትሰጥ መሰላት።

የሻሽወርቅ እትዬ ፋጢማን ኮረሪማ ሲፈለፍሉ አገኘቻቸው። እጃቸው ሥራውን አልተወም።

«‹ኧረ!› ሲል ሰማሁት፣ ከዚያ ወደቀ። ጥርት ብሎ ነው የሰማሁት። ውድድሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።»

«ለምን ያለቀ መሰለዎት?»

«ጸጥ ብሎ ነበራ። ስወጣ ደረጃው ላይ ማንም የለም።» ከዚያ ቀና አሉ። «ልጄ ገዳይ አይደለም። አንዱን መንገዱ ወሰደብኝ፤ ሁለተኛውን ደግሞ እናንተ አትውሰዱብኝ።»

ሙናዊር ጣቢያ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ሽማግሌው በወደቁበት ሰዓት መንገድ ላይ ነበርኩ ይላል፤ ይህንን ግን ጎበዜ አላመነውም፤ ልጁ በሕይወቱ ውድድሩን አይቶ እንደማያውቅ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃልና። የሻሽወርቅ ከፊቱ ቁጭ አለች።

«እውነት ነው፣ አይቼ አላውቅም» አላት። «እነዚያ ሞተሮች ሲጮሁ ወንድሜ ነው የሚታየኝ። ቤት ዘግቼ ጆሮዬን እይዛለሁ። ዘንድሮ ግን በማጉያው የመጨረሻው ዙር የኤሌክትሪክ መኪኖች ብቻ ናቸው ሲሉ ወጣሁ። ድምፅ ከሌላቸው ላያቸው እችላለሁ አልኩ። ሰው ሁሉ ‹ይኼ ምኑ ውድድር ነው› እያለ ትቶ ሲሄድ እኔ ግን ቆሜ አየሁ። ሲያልፉ የጎማቸው ሽውታ ብቻ ነው የሚሰማው። ወንድሜ ቢያየው ይስቅ ነበር።»

የሻሽወርቅ ብድግ አለች። ከዚያ ለጎበዜ ልጁን ወደ ሟቹ ቤት ይዞት እንዲመጣ ነገረችው።

ሁሉም ከባልኮኒው ጋር በተያያዘው ሳሎን ተሰበሰቡ። ሩሀማና እትዬ ፋጢማ ሶፋው ላይ፣ ሙናዊር ከጎበዜ ጋር በሩ ጋ። አቶ ቦጋለ መስኮቱ አጠገብ ቆመው ታች ሠራተኞች የመታጠፊያውን ጎማዎች መኪና ላይ ሲጭኑ ያያሉ። የሻሽወርቅ ከኋላቸው፣ ክንድ በሚደርስ ርቀት ቆመች። ድምፅዋን አልቀነሰችም፣ አልጨመረችም።

«ጋሽ ቦጋለ፣ አቶ ወልደሚካኤልን የገደሏቸው እርስዎ ነዎት።»

ሩሀማ ብድግ አለች። ሙናዊር ቀና አለ። የእትዬ ፋጢማ እጅ ወደ አፋቸው ሄደ። አቶ ቦጋለ ብቻ መስኮቱን እንዳዩ ቀሩ፤ አንዱ ጎማ ከሠራተኞቹ እጅ አምልጦ ሲንከባለል ፈገግ አሉ።

የሻሽወርቅ ዞራ ከፊታቸው ቆመች። ሽማግሌው በዚህ ጊዜ የሰዎቹን ፊት አዩና ፈገግታቸው ጠፋ።

«ይቀመጡ፣ ጋሽ ቦጋለ። አፌን እያዩ ይከተሉኝ፤ ከዚህ በላይ መደበቅ አያስፈልግም» አለች። «አቶ ወልደሚካኤል ወደ ኋላ ነው የወደቁት፤ ወደ ኋላ የሚወድቅ ሰው ደግሞ ፊቱ የቆመ ሰው ነበረው። ይህ አንድ። የወደቁት በመጨረሻው ዙር ነው፤ እትዬ ፋጢማ ጩኸታቸውን ጥርት አድርገው የሰሙት ጸጥታ ስለነበረ ነው። ጸጥታው የመጣው ደግሞ መኪኖቹ ኤሌክትሪክ ስለሆኑ ነው። እርስዎ ግን ባልኮኒው ላይ ሆኜ ከሥሬ ሞተር ይጮህ ነበር አሉኝ። እዚያ የነበረ ሰው እንዲህ አይልም፤ ባይሰማ እንኳ ሕዝቡ እያጉረመረመ ሲበተን ያያል፣ የባልኮኒው ብረት ከእጁ ሥር እንዳልተንቀጠቀጠ ያውቃል። ስለዚህ ባልኮኒው ላይ አልነበሩም። ከኋላ የነበረ፣ ጆሮ ያለው ሰውም እንዲህ አይልም፤ ጸጥታውን ይሰማልና። ያን ዙር ያላየም ያልሰማም አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከኋላ የነበረ፣ ጆሮው የማይሰማ ሰው። ዙሩ ኤሌክትሪክ መሆኑን የተናገረው ማጉያው ነው፤ ውድድሩ መርካቶን እንደሚለቅም የተናገረው ማጉያው ነው። ሁሉ ሲደነግጥ እርስዎ ብርቱካን ይልጡ ነበር። ነጠላዬን ያስወረዱኝ ለሐዘኑ ክብር ሳይሆን ከንፈሬን ለማየት ነው። ሞተሩንም የሚሰሙት በጆሮዎ ሳይሆን ንዝረቱ በካቻቢቴው አልፎ ጥርስዎ ላይ ሲደርስ ነው።»

አቶ ቦጋለ ዓይናቸውን ከከንፈሯ አላነሱም።

«አቶ ወልደሚካኤልም እኔ ያየሁትን አዩ። አፋቸውን በኮፍያ ሸፍነው ፈተኑዎት። ከዚያ ወደ ጓሮ ጠሩዎት። የጠየቁዎት ምን ነበር?»

ሽማግሌው ተቀመጡ። ሲናገሩ ድምፃቸው ልኩን አያውቅም ነበር፤ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይላል፤ ከዚህ በፊት እንዴት ሳይታወቅባቸው እንደቀረ ሁሉም ገረመው።

«‹ልጁ በሞተበት ቀን ጠዋት ጎማው ይጮኻል ስልህ ጎንበስ ብለህ አዳመጥክና ምንም የለውም አልከኝ። ሰምተኸው ነበር?› አለኝ። ያኔም አይሰማኝም ነበር። በእጄ ዳሰስኩት፣ ደህና መሰለኝ። ጆሮ የለኝም ብል ማን መኪናውን ያመጣልኛል? ልጁ ሲሞት እሱ ‹እኔ ነኝ የገደልኩት› አለ። ዝም አልኩ። ዓመት መጣ፣ ዓመት ሄደ፣ ዝም አልኩ። እሁድ ግን ‹አሁኑኑ ወርጄ ለፋጢማ እነግራታለሁ› አለና ኮቴን ያዘኝ። እንዲለቀኝ ብዬ ነው የገፋሁት። እንዲወድቅ ብዬ አይደለም።»

«ኮፍያውስ?»

«ደረጃው ላይ ወድቃ ነበር። መሬት ላይ ልተዋት አልቻልኩም። ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምሰቅልለት።»

ያቺ የተሰቀለች ኮፍያ ናት ሟቹን ፍትሐት ልታስከለክለው የነበረችው። ሩሀማ ይህንን እያሰበች ሶፋው ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ስሟን ያወጡላት ሰው ናቸው፤ ልጅ ሆና ጋራዡ ውስጥ ትከሻቸው ላይ ያወጧት ነበር። ጠላቻቸው፣ በዚያው ቅጽበትም አሳዘኗት፣ አሳዘኑኝ ብላም ራሷን ጠላች።

ጎበዜ ሙናዊርን ለቀቀና አቶ ቦጋለን ክንዳቸውን ይዞ ወደ በሩ ወሰዳቸው። ያኔ እትዬ ፋጢማ ከተቀመጡበት ተነሱ። አልጮሁም።

«ወልደሚካኤልን በዚያው ሰሞን ነው ይቅር ያልኩት። አንተንም እልህ ነበር፣ ብትነግረኝ።»

አቶ ቦጋለ ጀርባቸውን ሰጥተዋልና ከንፈራቸውን አላዩም፤ በሩን አልፈው ደረጃውን መውረድ ጀመሩ።  ሩሀማ ቀድማቸው ወርዳ፣ ፊታቸው ቆማ የእትዬ ፋጢማን ቃል ልትደግምላቸው አንድ እርምጃ ተራመደች። ከዚያ ቆመች፤ ስልኳን አወጣችና የነፍስ አባታቸው ጋ ደወለች።

«አባ፣ አባዬ ራሱን አልገደለም» አለች። «ፍትሐቱን ያድርጉለት።»