ጓደኛ የተገዛለት ዓሣ

ጡረተኛው የጥርስ ሐኪም ከዓሣ ገንዳው ሥር በጀርባው ተዘርሯል። ከጎኑ አንድ በርጩማ ተገልብጧል፤ ምንጣፉ ውሃ ጠጥቷል፤ ገንዳው የተቀመጠበት ብረት ጫፉ ላይ ደም አለ። ከመስተዋቱ ጀርባ ደግሞ ረጅም ጅራት ያለው ሰማያዊ ዓሣ ምንም እንዳልተፈጠረ ወዲያ ወዲህ ይላል።

ኢንስፔክተሯ ከሬሳው በፊት ቤቱን የማየት ልማድ አላት። የምግብ ጠረጴዛው ስድስት ወንበር አለው፤ መቀመጫው ያለቀው ግን አንዱ ብቻ ነው። አምስቱ ከሱቅ እንደመጡ ናቸው። የእሷም ቤት እንዲሁ ነው።

«ነገሩ ያለቀለት ነው» አለ ሃምሳ አለቃው፣ ምሳ ስላመለጠው ተነጫንጮ። «ሬሳውን ያየው ሐኪም ከጠዋቱ ሦስት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሞተው ይላል። ደረቱ ላይ የጣት ምልክት አለ፤ ተገፍቷል። በሩ ሲዘጋ ራሱን የሚቆልፍ ነው፤ ሌላ ቁልፍ ያላት ሠራተኛዋ ብቻ ናት። ትናንት ሲጯጯሁ ጎረቤት ሰምቷል። ይባስ ብሎ ጎረቤቷ ፋርማሲስት የሠራተኛዋን እሪታ ሰምታ ስትደርስ፣ ስልክ ልትደውል ዞር ብላ ስትመለስ፣ ሴትዮዋ ምን ይዛ ቆማለች? የዓሣ መረብ! ሰው ሞቶ ተዘርሮ ዓሣ ታወጣለች? እንዴ! ከሥራ መውጫችን፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ጣቢያ ላስገባትና እንገላገል።»

«አሥራ አንድ ሰዓት ገና ነው» አለች ኢንስፔክተሯ፤ ወደ ወጥ ቤትም ገባች።

ሰው ሁሉ እታለም የሚላት ሠራተኛ፣ ከገበያ ያመጣችውን ዘንቢል እንኳ ሳታራግፍ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ ውሃ የተሞላ የብርጭቆ ማሰሮ አለ፤ ውስጡ ጅራቷ የተበጣጠሰ ቀይ ትንሽ ዓሣ።

«ትናንት ለምን ተጣላችሁ?»

«ልሄድ ነው አልኳቸዋ። ክፍለ ሀገር ያለችው ልጄ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያዋ ነው፤ ከእኔ በቀር ማንም የላትም። እሳቸው ጮኹ። ‹እኔስ ማን አለኝ?› አሉ። በአሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። እኔም እያለቀስኩ ጮህኩ።» ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «አሁን ብታሰር ልጄ ብቻዋን ልትወልድ ነው!»

«ዓሣዋን ለምን አወጣሽ?»

«ቀና ብዬ ሳይ ያ ሰማያዊ ይቺን ምስኪን ጥግ አስይዞ ይቦጫጭቃታል። እሳቸውማ ሄደዋል፤ ምን ላድርግላቸው? እሷ ግን ገና ነፍሷ አልወጣም ነበር።» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ማን እዚያ እንደጨመራት እንጃ። እሳቸው አዲስ ዓሣ ሁለት ሳምንት ለብቻው ሳያቆዩ ከምንም አይቀላቅሉም። ማቆያው እዚያው ጓዳ ባዶውን ተቀምጧል።»

«አንቺ ብትሆኚ ለሰማያዊው ምን ጓደኛ ትመርጪለት ነበር?»

«ቀንድ አውጣ። ወይ ከሥር አሸዋ ለቃቅማ የምትኖር፣ ቀለሟ ደብዘዝ ያለ፣ ነገር የማትፈልግ ዓሣ። ባለ ደማቅ ቀለም፣ ባለ ረጅም ጅራት ከሆነች እሱን ትመስላለች። ከመሰለችው ደግሞ አለቀላት! እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ነው ያስጠኑኝ።»

ኢንስፔክተሯ ማሰሮውን አንስታ ሳሎን ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው። እታለምንም፣ ፋርማሲስቷንም፣ ሃምሳ አለቃውንም ስለ ቀዩዋ ዓሣ ትንፍሽ እንዳይሉ አስጠነቀቀች።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ስምንት ሰዓት ላይ ደረሰ። በደረጃው ብቅ ሲል ኢንስፔክተሯ ክው አለች፤ ቁርጥ ሟቹን ነው። ያ አገጭ፣ ያ ትከሻ፣ ያ ግንባር። ሳሎን ሳታስገባው እዚያው ደረጃው ላይ አስቀመጠችው።

«ዛሬ አይተዋቸዋል?»

«ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ። በሩ ላይ ቆሜ አንድ ዓሣ በላስቲክ ሰጠሁትና ሄድኩ። እግሬ ደፉን አላለፈም። ወንድሜ ሰው ቤቱ ማስገባት አይወድም፤ እኔም ብሆን።»

«ዓሣ ለምን አመጡለት?»

«ያ ለብቻው የሚኖር ዓሣ አንጀቴን በልቶት። እኔ ሚስቴ ጥላኝ ከሄደች ወዲህ ከግድግዳ ጋር ነው የማወራው፤ ብቸኝነትን አውቀዋለሁ። የማላውቀው ሱቅ ገብቼ፣ እሱን የምትመስለዋን፣ ባለ ቀለሟን፣ ባለ ጅራቷን መረጥኩለት። እንዴት ደስ እንዳለው ቢያዩ! ክንፉን ዘርግቶ፣ ጉንጩን ነፍቶ ነው የተቀበላት። እሱ እንኳ ጓደኛ አገኘ።»

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋ ላይ ምንም አልጻፈችም። «አይዞዎት» አለችው፤ ከልቧ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ዓሣ ሻጩ ነው። በየወሩ የገንዳውን ማጣሪያ ያጸዳል፤ ዛሬም በአምስት ሰዓት መጥቶ ደወል ቢደውል የሚከፍት አጥቶ ተመልሷል።

«ቤታ ነው የሚባለው» አለ ወደ ገንዳው እየጠቆመ። «ዶክተር ቤታ ሲያኖሩ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው። እኔን ራሴን ያስተምሩኝ ነበር።»

«ከእሱ ጋር ባለ ረጅም ጅራት ዓሣ ትጨምራለህ?»

«ምነው፣ አበድኩ? ጠብ ከመገላገል ዓሣ መሸጥ አይሻለኝም?»

አሥር ሰዓት ሲሆን ሬሳው ተነስቶ ነበር። ኢንስፔክተሯ አራቱንም በእነዚያ ያልተነኩ ወንበሮች ላይ አስቀመጠቻቸው፤ እታለምን፣ ወንድምየውን፣ ዓሣ ሻጩን፣ ፋርማሲስቷን። ሃምሳ አለቃው በሩን ይዞ ቆመ። እታለም የግድግዳውን ሰዓት ታያለች።

«ከበርጩማው እንጀምር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሟቹ ረጅም ነው፤ ገንዳው ደረቱ ድረስ ነው። በርጩማ ምን ያደርግለታል? ከወጥ ቤት ያመጣው ሰው፣ ዓሣ ሲጨምር ወድቆ ሞተ እንዲባል ነው የፈለገው። ለዚያም ዓሣ ጨመረ።»

ቁም ሣጥኑን ከፍታ ማሰሮውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ወንድምየው የተበጣጠሰውን ጅራት አይቶ ቀለሙ ተለወጠ።

«ምን ሆና ነው?» አለ።

«የጨመራት ሰው የቤታን ጠባይ አያውቅም ማለት ነው። ሟቹ ያውቃል። ዓሣ ሻጩ ያውቃል። እታለምም ታውቃለች፤ በማወቋ ነው ሬሳ ፊት ለፊት መረብ ያነሳችው። ሃምሳ አለቃ፣ አንተ እሷን ጥፋተኛ ያደረግክበት ነገር ነጻ ያወጣታል።»

ሃምሳ አለቃው ጆሮውን አከከ።

«ፋርማሲስቷ ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ሱቋ ውስጥ ነበረች፤ ደንበኞቿ ይመሰክራሉ። እስኪ እህቴ፣ የእጅ መስታወትሽን አውሺኝ።»

መስታወቷን ወደ ገንዳው አስጠጋች። ሰማያዊው ዓሣ የራሱን መልክ አየ። ወዲያው ክንፉን ዘረጋ፣ ጉንጩን ነፋ፣ ጅራቱን ከፈተ።

«ይሄ ምን ማለቱ ነው?» ስትል ዓሣ ሻጩን ጠየቀችው።

«ውጣልኝ፣ አለዚያ እገድልሃለሁ ነዋ!»

«ደስታ አይደለም?»

«ኧረ የምን ደስታ!»

ኢንስፔክተሯ ወደ ወንድምየው ዞረች። «እርስዎ ደፉን አላለፍኩም ብለውኛል። ግን ክንፉን ዘርግቶ፣ ጉንጩን ነፍቶ ተቀበላት አሉኝ። ሁለቱን ዓሦች አንድ ላይ ያየቻቸው እታለም ብቻ ናት፤ ወዲያው ለየቻቸው። ከእሷ በፊት ያየ ሰው ካለ፣ የጨመራት ሰው ነው።»

«ወንድሜ… በስልክ ነግሮኝ ነው።»

«ዛሬ ከዚህ ቤት የተደወለ ስልክ የለም። ቢደውልም፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቤታ ያኖረ ሰው ይህንን ደስታ ብሎ አይጠራውም። ደስታ የመሰለው ለእርስዎ ብቻ ነው።»

ወንድምየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ትናንት ማታ ደወለልኝ» አለ። «በአሥር ዓመት የመጀመሪያው ነው። ‹እታለም ልትሄድ ነው፣ እንደ ዓሣዬ ብቻዬን ልቀር ነው› አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። ዓሣዋን ገዝቼ መጣሁና ‹አብረን እንኑር› አልኩት። ሳቀብኝ! ‹እኔና አንተ በአንድ ጣራ? ሳምንት ሳይሞላ እንፋጃለን› አለ። ገፋሁት። አንዴ ነው የገፋሁት። ከዚያ… ዓሣው ክንፉን ሲዘረጋ ሳይ፣ በዚህ ቤት ለአንዱ እንኳ ተሳካለት ብዬ አለቀስኩ።»

ሃምሳ አለቃው ክንዱን ይዞ አስነሳው፤ እንደ ልማዱ አላመናጨቀውም። ፋርማሲስቷ ሱቄን ልክፈት ብላ ወጣች። ዓሣ ሻጩም ደንበኛ ይጠብቀኛል ብሎ ተከተላት። ወንድምየው በሩ ላይ ሲደርስ ቆም አለ።

«እታለም» አለ፣ «እኔ ከሌለሁ ማን ይቀብረዋል?»

ወሰዱት።

«አንቺ ነጻ ነሽ» አለች ኢንስፔክተሯ። «የነገ ጠዋቱ አውቶቡስ ይደርስልሻል።»

እታለም ስልኳን አወጣች። ብዙ ጠራ። «ልጄ፣ ደህና ነሽ? ምጥ አልጀመረሽም? ሁለት ቀን ታገሺኝ፤ አደራሽን። አይ፣ አላመመኝም። እሳቸው አርፈው ነው። ሌላ ሰው የላቸውም።» ስልኩን ዘጋች።

ኢንስፔክተሯ ኮቷን ለበሰች፤ እስከ በሩ ሄዳ ግን ተመለሰች።

«ቀብሩ በስንት ሰዓት ይሁን?»

«ለእርስዎ ምን ያደርግልዎታል?»

«ልመጣ ነዋ። ብቻሽን ቆመሽ ልትቀብሪው ነው እንዴ?»

እታለም አንዱን ወንበር ስባ ሰጠቻት።

«በአራት ሰዓት እናድርገው» አለች፤ ሁለቱም ተቀመጡ።