ደገመችበት

ሮዳስ ያን ቀን «ይደገም» ስትል ስድስተኛ ጊዜዋ ነበር።

ባዘዘው ማጭዱን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ሰሊጡ መሃል ቆሟል። የመተማ ፀሐይ አናቱን ትበሳለች። ከጎጃም ደጋ ለአጨዳ የወረደ የቀን ሠራተኛ ነው፤ እንዲህ ያሉትን እዚህ ሳሉግ ይሏቸዋል።

«አሁንስ ምን አጠፋሁ?» አለ።

«አንተ አላጠፋህም። ንፋሱ ነው። ድምፅህን በላው።»

«እንግዲያ ንፋሱን ድገም በይው።»

አጫጆቹ ሳቁ። ሮዳስ ግን አልሳቀችም። የቴሌቪዥን ሥራ መማር ከጀመረች ዘጠኝ ወሯ ነው። ካሜራ መያዙን፣ ማቀናበሩን ተምራዋለች፤ የቀራት አንድ የአምስት ደቂቃ ዝግጅት ነው። እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ካስረከበች ጎንደር ያለው ጣቢያ ይቀጥራታል። ካልሆነ ወደ ሳንጃ፣ ወደ አባቷ ቤት መመለስ ነው። አሠልጣኟ አቶ ሰሎሞን ሁለት ጊዜ መልሶባታል። «ምስሉ ደህና ነው፤ ድምፅ የለውም። ሰሊጡ ሲራገፍም ካላሳየሽኝ አትምጪ» ብሏታል።

ለማይኩ የንፋስ መከለያ የሚሰጣት ሰው አጣች። ለምና ሰለቻት። በማግስቱ ባዘዘው ከሚተኛበት የበግ አጎዛ ጫፉን ቆርጦ፣ በጆንያ መስፊያ መርፌ ሰፍቶ አመጣላት።

«እኔን ሙቀቱ ይበቃኛል፤ መሣሪያሽን አልብሽው» አለ።

ሲያለብሱት እጃቸው ተነካካ። ሮዳስ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ንፋሱ የለም። የባዘዘው ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፣ አጠገቧ ተቀምጦ የሚተነፍስ ያህል።

«ትሰሚኛለሽ?» አለ።

«እሰማሃለሁ።»

ስሙንና አገሩን ተናገረ። አንድም የተበላሸ ነገር አልነበረም። ሮዳስ ቀና ብላ ሳታየው «ይደገም» አለች።

እሱም ገብቶት ደገመላት።

ይህን ሁሉ ታደገ ቆሞ ያያል። ታደገ የባዘዘው የአገሩ ሰው ነው፤ ዕድሜውስ ገፍቷል፣ አፉ ግን አያርፍም። እሁድ ቀን ደጋ ደውሎ ከባዘዘው እናት ከእማማ ሀብትነሽ ጋር ሲጫወት፣ «ልጅሽንማ አንዲት የቴሌቪዥን ልጅ ስትደግምበት ነው የምትውል» ብሎ ቀለደ።

ቀልዱ እሳቸው ጋ ሲደርስ ቀልድ አልሆነም። ሰው ላይ ደገሙበት ከተባለ፣ እሳቸው የሚያውቁት አስማቱን ነው።

በአራተኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ከአይሱዙ ላይ ወረዱ፤ በእጃቸው ጸበል የሞላ ቢጫ ጀሪካን አለ። ያን ቀን ሂላው ሊራገፍ ነበር። ሂላ ማለት ታጭዶ፣ ታስሮ፣ እንዲደርቅ የቆመው ሰሊጥ ነው። እማማ ሀብትነሽ ቀድመው ያዩት ግን ሰሊጡን አይደለም። ሮዳስ እጅ ላይ፣ እንጨት ጫፍ ላይ የታሰረውን ጠጉራም ነገር አዩ።

«ይኼ የኔ አጎዛ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ልጀን በገዛ አጎዛየ?»

«እማማ፣ ለንፋስ ነው እኮ…»

«ለየትኛው ንፋስ?»

«እምየ» አለ ባዘዘው፣ «መድገም ያለችው…»

«አንተ ዝም በል። አንተማ ተደግሞብሃል።»

ታደገ ከሂላው ጀርባ ዞሮ ጠፋ።

«ቤተ ክርስቲያን ትሄጃለሽ» አሉ እማማ ለሮዳስ። «ትጠመቂያለሽ፣ ትምያለሽ። አሁኑኑ።»

ሮዳስ ንፋሱን አሸነፍኩ ስትል ደግሞ ይህ መጣ። ማልቀስም፣ ማይኩን ወርውራ መሄድም አማራት።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰሊጡ አሁን ይራገፋል፤ አንዴ ከረገፈ የምቀርፀው የለኝም። ሥራዬን ልጨርስና የሚሉኝ ቦታ እሄዳለሁ።»

«እምቢ ብልሽስ?»

«እምቢ ቢሉኝም ሥራዬን እጨርሳለሁ።»

ባዘዘው ቀና ብሎ አያት። ሄዶ ነዶውን አነሣ።

እማማ ሀብትነሽ ጀሪካናቸው ላይ ተቀመጡ። ልጃቸው ነዶውን ሸራው ላይ ይዘቀዝቀዋል፣ ይመታዋል፤ ሰሊጡ እየተንሿሿ ይወርዳል። ሮዳስ በጉልበቷ ተንበርክካለች። ገለባው ዓይኗ ውስጥ ይገባል፣ እንባዋ ይወርዳል፣ እጇን ግን ከካሜራው አታነሣም።

«ዓይኗን አትጠርግም እንዴ?» አሉ እማማ።

«ምስሉ ይነቃነቅባታል» አለ ታደገ፣ አንገቱን ብቅ አድርጎ።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አሉት። ዓይናቸው ግን ከልጅቷ ላይ አልተነሣም።

ሲጨርሱ ሮዳስ አቧራዋን እንደለበሰች መጣች። «እንሂድ» አለች።

ቤተ ክርስቲያን ደጅ ጸበሉን አፈሰሱባት። አልጮኸችም፤ ተንቀጠቀጠች እንጂ።

«በልጀ ላይ እጅሽ እንደሌለበት ማይ።»

«እመቤቴ ምስክሬ ናት፣ አስማት የሚባል አላውቅም። የደገምኩት ሥራዬን ነው።» ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። «እወደዋለሁ ግን። አልወደውም ብዬ አልምልም።»

እማማ ሀብትነሽ የቀረውን ጸበል በእጃቸው ቀድተው የራሳቸውን ፊት ታጠቡ።

ቅዳሜ አቶ ሰሎሞን እዚያው መተማ ከተማ ዝግጅቱን እስከ መጨረሻው አየው። «ሰኞ ጎንደር ግቢ» አላት። ሮዳስ ባዘዘው ከእናቱ ጋር ሊሄድ መሆኑን ሰምታ ነበርና ልትነግረው እየሮጠች መናኸሪያ ደረሰች። እሱ እናቱ አጠገብ፣ መኪናው ላይ ተቀምጧል። ሲያያት ሊወርድ ተነሣ፤ እናቱ በክንዱ ያዙት።

«ተቀጠርሽ?» አሉ እማማ በመስኮቱ።

«ተቀጠርኩ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ልጀን ግን ይዠው እሄዳለሁ።»

«እማማ፣ ተጠመቅኩ፣ ማልኩ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

«የአባትሽ ስም ማን ነው?»

«ፀሐዩ።»

«አገራችሁ?»

«ሳንጃ።» ንዴቷ እስኪለቃት ድረስ ጥያቄው አልገባትም።

«ሽማግሌ የሚላክ ከቤት ነው» አሉ እማማ ሀብትነሽ። «ከሰሊጥ ማሳ ላይ ሆኘ ማንን እልካለሁ? ጥምቀት ይለፍ። እስከዚያው ሥራሽን ሥሪ።»