የአዴ ጉዩ እንጆሪና የሆራው ውሃ

ባየሽ ሆርዶፋ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ አምቦ ከተማ፣ ከሆራው በላይ ነው። ዘመኑ የደርግ ዘመን ነው፤ እናንተ ገና አልተወለዳችሁም። ሆራን ግን ታውቁታላችሁ፤ ከብቶች እየተነዱ መጥተው የሚጠጡት፣ ጨው ጨው የሚለው ውሃ ነው።

ጎረቤቷ አዴ ጉዩ እንጆሪ ነበራቸው፤ አዴ በኦሮምኛ እትዬ እንደማለት ነው። የሚተክሉት በባዶ የዘይት ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮውን ከታች በምስማር ይበሱታል፤ አፈርና ፍግ ይሞሉታል። እንጆሪ ቀጭን ሐረግ ታወጣለች፤ ሐረጉ ጫፍ ላይ ልጅ ትወልዳለች። አዴ ጉዩ ልጆቹን እየነቀሉ ለሚወዱት ሰው ይሰጣሉ። ለባየሽና ለጓደኛዋ ለሹኩሪያም አንዳንድ እንደሚሰጧቸው ቃል ገብተው ነበር። ሹኩሪያ ከአጥሩ ወዲያ ያለው ባለሱቅ ልጅ ናት።

አንድ ቀን ካቺሲ ከተማ የምትኖረው የአዴ ጉዩ ልጅ ወለደችና ሊያርሷት ሄዱ። ሲነሱ ባየሽን ጠርተው፣ ጠዋት ጠዋት ከሁሉቃ ወንዝ እየቀዳች እንጆሪዎቹን እንድታጠጣ አደራ አሏት።

«ከወንዙ ነው፤ እሺ?»

«እሺ፣ አዴ።»

መጀመሪያ ሰሞን ሄደች። ከዚያ ሰለቻት። ወንዙ ይርቃል፤ ስትመለስ ደግሞ ዳገት ነው። ሆራው ግን እዚሁ አፍንጫዋ ሥር ነው። ከብቱ የሚወፍረው በሆራ አይደል? ሰውስ ከአዲስ አበባ ድረስ የሚመጣው ለዚሁ ውሃ አይደል? እንጆሪንማ እንዴት አይስማማውም አለች በልቧ። አያችሁ ልጆች፣ ስንፍና ሰበብ አያጣም። እናም ሆራውን እየቀዳች ታጠጣ ጀመር።

ሆራ ለከብት እንጂ ለእንጆሪ አይሆንም። ቅጠሎቹ ከዳር ጀምረው እንደተቃጠለ ደረቁ፤ አፈሩ ላይ ነጭ ጨው ወጣ። ባየሽ ደነገጠች። ይህ ስንፍና ነው፤ ክፋቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አፈሩን በእንጨት ጫረችው፤ ቅጠሉንም በጣጠሰችው። አዴ ጉዩ ሲመለሱ የሹኩሪያ ዶሮ ገብታ እንደጫረችው ነገረቻቸው።

አዴ ጉዩ ቆርቆሮዎቻቸውን እያዩ አለቀሱ። ከዚያ ለሹኩሪያ እናት ለእትዬ መርየም ተናገሩ። እትዬ መርየም ከጎረቤት መቀያየም አይወዱም፤ ዶሮዋ ቅዳሜ ገበያ ወጥታ ትሸጥ አሉ። ሹኩሪያ ዶሮዬ ከግቢ አልወጣችም ብላ ብትምል ማን ይስማት። ያቺ ዶሮ ደግሞ ጫጩቶች ነበሯት።

ባየሽን በእነዚያ ቀናት ጸጸቷ አላስቀምጥ አላት። እውነቱን ግን ለማንም አልተናገረችም። ቅዳሜ ጠዋት ሹኩሪያ ዶሮዋን አቅፋ፣ እያለቀሰች ከእናቷ ኋላ ስትሄድ አየቻት። ጫጩቶቹ አጥሩ ሥር ይጮሃሉ። ባየሽ አልቻለችም፤ ሮጣ መንገድ ላይ ደረሰችባቸው።

«እትዬ መርየም፣ አይሽጧት። እኔ ነኝ። ሆራ አጠጥቼ ያደረቅኩት እኔ ነኝ።»

እትዬ መርየም ቆመው አዩዋት። ይህንኑ ለአዴ ጉዩም ትናገሪያለሽ አሏትና እጇን ይዘው ተመለሱ። ዶሮዋም ወደ ጫጩቶቿ ገባች።

ባየሽ አዴ ጉዩ ፊት ቆመች። ምንም ሳትደብቅ ተናገረች፤ ይቅርታም ለመነች። አዴ ጉዩ እስክትጨርስ ሰሟት። ከዚያ፣

«እንጆሪ ይደርቃል፤ እንደገና ይተከላል። የጓደኛሽን ስም ማጥፋትሽ ነው ያሳዘነኝ» አሉ።

ይቅር አሏት። ነገር ግን ከጣራው ጠብታ ሥር የነበረች፣ ዝናብ ጨዉን ያጠበላት አንዲት እንጆሪ ብቻ ነበረች የተረፈችው። ከክረምቱ በኋላ እሷ ልጅ ስታወጣ ለሹኩሪያ ተሰጠች። ለባየሽ አልደረሳትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ጠዋት ጠዋት ግን፣ ማንም ሳያዛት፣ ከሁሉቃ ውሃ እየቀዳች የሹኩሪያ በር ላይ ታስቀምጥ ነበር። ሹኩሪያ ውሃውን ትወስዳለች፤ ባየሽን ግን አታናግራትም።

አንድ ጠዋት ባየሽ ወደ ወንዙ ልትወርድ ስትወጣ፣ ሹኩሪያ የራሷን ጀሪካን ይዛ የእነባየሽ በር ላይ ቆማ ነበር።

«ነይ፣ አብረን እንሂድ» አለቻት።

ልጆች፣ ስናጠፋ በሌላ ሰው አናሳብብ፤ እውነቱን ራሳችን እንናገር፤ እግዚአብሔር የሚወደው ይህን ነው።