አንድ ድምፅ ለቁልፍ

መምህር ባንተአምላክ በምርጫው ማግሥት ጠዋት ወንዝ ዳር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ጎርፉ ጎደል ሲል ከድንጋዮቹ መሐል ኮቱን እንደለበሰ፣ የጫማው ክር እንደታሰረ ታየ።

ድልድይ በር ከሰቆጣ ወደ ዝቋላ ሲወረድ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ድልድዩን ጎርፍ ወስዶት ስሙ ብቻ ቀርቷል። ወንዙ ለሁለት ይከፍላታል፤ ላይ ሰፈር የበሬ ምልክትን ይመርጣል፣ ማዶ ሰፈር የቁልፍን። ሠርግ እንኳ የሚጠራሩት በምልክት ነው። እንዲህ ያለ ቂመኛ አገር እግዜር አያሳያችሁ!

ጡረተኛው መምህር ሃያ ዓመት ሙሉ በየምርጫው ማግሥት ማለዳ ተነሥቶ፣ በጣቢያ በር ላይ የተለጠፈውን ውጤት በደብተሩ ይገለብጥ ነበር። መጀመሪያ የላይ ሰፈርን ይጽፋል፣ ከዚያ ተሻግሮ የማዶን።

ኢንስፔክተር አምሳለ ሰው ተልኮባት ከሰቆጣ ስትደርስ የቀበሌው ሊቀመንበር ጌታሁን የላይ ሰፈር ምርጫ ጣቢያ በሆነው ትምህርት ቤት በር ጠበቃት። የላይ ሰፈር ጎረምሶች ዱላ ይዘው ቆመዋል፤ ማዶ ያሉት ክላሽ አንግተዋል። የቁልፍ ዕጩ የሆነው ደግሰው አንድ ክፍል ውስጥ ተቆልፎበታል።

«እኔ ሲሻገር ውሃ ወሰደው ባይ ነኝ» አለ ጌታሁን። «ሕዝቡ ግን ደግሰው ነው የገፋው ብሏል። ጎርፍ አግዶት እዚሁ አክስቱ ቤት አድሯል። ትናንት መምህሩን በሰው ፊት ሰድቦታል። እስከ ማታ ካልወሰዱልኝ ሰው ይተላለቃል።»

አምሳለ የትምህርት ቤቱን በር ታይ ነበር። ሙጫ የያዛቸው አራት የወረቀት ጠርዞች ብቻ ቀርተዋል።

«ውጤቱስ?»

«አስመራጮቹ ለጥፈው፣ ሳጥኑን ይዘው ከነታዛቢዎቹ ወረዳ ወረዱ። ጠዋት ስንመጣ ወረቀቱ የለም። የወረዳውን መንገድ ከኋላቸው ጎርፍ ቆርጦታል፣ ኔትወርክም የለ። ስንት ለስንት እንደወጣ የሚያውቅ የለም።»

አምሳለ ይህን ስትሰማ ምን እንደምትጠይቅ ገባት። መጀመሪያ ደግሰው ጋ ገባች።

«እዚህ ጣቢያ ስንት ድምፅ አገኘህ?»

«ሠላሳ፣ አርባም ይሆናል። በጆሮዬ ቃል የገቡልኝ አሉ።»

አሳዘናት። ጌታሁንንም ያንኑ ጠየቀችው።

«ባዶ!» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ከአምስት ዓመት በፊት ከአምስት መቶ ሰው አንድ ከሃዲ ወጥቶብን ነበር። መምህሩ ደብተሩን አገላብጦ ‹ካሤ ነው› አለኝ። የጽዳት ሠራተኛዋ የውባንቺ ልጅ። ከእርዳታ መዝገብ ሰረዝኩታ!»

ካሤ መተዳደሪያ ቢያጣ ወደ ሳዑዲ ሲያቀና ባሕር ላይ ቀረ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ጌታሁን ይህን ያወራው ትንሽ እንኳ ሳያፍር ነው።

ውባንቺ የምትኖረው እዚያው ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው። አምሳለ ስታገኛት ኮሪደሩን ትጠርጋለች።

«እማ ውባንቺ፣ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ራሴን አሞኝ ተኝቼ ነበር፣ ልጄ።»

«ለቁልፍ ስንት ወጣ ይላሉ?»

«ዘንድሮም አንድ» አለች ከመጥረጊያዋ ቀና ሳትል። «እኔ ፊደል የማልለይ፣ ምርጫ ምኔ ነው?»

አምሳለ ፊቷን ሳትለውጥ ወደ አስከሬኑ ሄደች። ከኮቱ የውስጥ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር አወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም አንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጠቻቸው። የሁለቱም ሰፈር ሽማግሌዎች ከኋላ ቆሙ።

«መምህሩ ሲሻገር አልሞተም» አለች። «እዚህ አገር ጫማውን ሳያወልቅ ወንዝ የሚገባ ማነው? ደብተሩ ላይ የላይ ሰፈር ውጤት ተጽፏል፣ የማዶው ባዶ ነው። ስለዚህ ይህን በር አንብቦ ሳይሻገር ከዳሩ ተገፍቷል። የተጻፈው፣ ለቁልፍ አንድ።»

ጌታሁን «አንድ?» ብሎ ተነሣ።

«ይቀመጡ። ደግሰው ሠላሳ አለ፣ እርስዎ ባዶ አሉ። ወረቀቱን አላያችሁም። ካሤ ሞቷልና ላይ ሰፈር ሁሉ ባዶ ነው የሚጠብቀው። አንድ ያሉት እማ ውባንቺ ብቻ ናቸው። ፊደል አይለዩም። ወረቀቱን ያየ ሌላ ሰው የለም፤ እንግዲህ ያነበበላቸው ሟቹ ነው።»

ውባንቺ ነጠላዋን ወደ ደረቷ ሰበሰበች።

«ሌላም አለ። ደብተሩ የሰፈሩን ሰው በስም ይዘረዝራል፣ ከስሙ ጎን ‹በ› ወይም ‹ቁ›። ካሤ ጋ ‹በ› ተፍቆ ‹ቁ› ተጽፏል። የመምህሩ የራሱ ስም ጎን ግን ምንም የለም።»

«እሱ ነበራ!» አለች ውባንቺ ብድግ ብላ። «ጠዋት በሩ ላይ አገኘሁት። ‹ምን ይላል?› አልኩት። ‹ለቁልፍ አንድ› አለኝ፣ ሳያስበው። ‹ካሤዬ ሞቶ የለ እንዴ? የሞተ ሰው ይመርጣል?› ስለው ፊቱ አመድ መሰለ። ሸሸኝ፤ እስከ ዳሩ ተከተልኩት። ‹ፈርቼ ነው ውባንቺ፣ እኔ ነኝ› አለ። ደረቱን ገፋሁት። ደግ አደረግሁ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!»

«ደግሰውን ቢገድሉትስ ኖሮ?»

«በእሱ ምልክት ልጄ ሲሞት ልቅሶ ደርሶኛል?»

ደግሰው አቀረቀረ። ውባንቺ ከጉያዋ የተቀደደውን ወረቀት አወጣች። አንድ ፊደል ሳታውቅ ቀኑን ሙሉ ደብቃው ነበር።

«ውሰጂኝ፣ አልሸሽም። ግን የልጄ ስም እዚያ በር ላይ ይለጠፍልኝ።»

አምሳለ ወረቀትና እስክሪብቶ ጌታሁን ፊት አስቀመጠች።

«ይጻፉ።»

«እኔ?»

«የሰረዘው እጅ የማን ነው?»

ሽማግሌዎቹ አፈጠጡበት። እስክሪብቶውን አንሥቶ ጻፈ፤ ማኅተሙንም አሳረፈበት። በሩ ላይ ሲለጠፍ ዱላ የያዙት ቀረብ ብለው አነበቡ፤ ሽማግሌዎቹ ሲናገሩት ማዶም ተሰማ።

«አንብቢልኝ» አለች ውባንቺ።

«ካሤ ለቁልፍ ድምፅ አልሰጠም። በሐሰት ከእርዳታ የሰረዝኩት እኔ ጌታሁን ነኝ።»

«ድገሚልኝ።»

ደገመችላት። ከዚያ ሴትዮዋ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«እርስዎም ይግቡ» አለች አምሳለ ጌታሁንን። «ሰውን በድምፁ መቅጣት ወንጀል ነው።»

መኪናው ውስጥ ጌታሁንና ውባንቺ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጡ። ዓይኗን ከፊቱ አላነሣችም።

«ኢንስፔክተር፣ እባክዎ ሌላ ቦታ ያስቀምጡኝ።»

«ቦታ የለም» አለች አምሳለ። ከኋላ ሁለት ወንበር ባዶ ነበር።