አረንጓዴው ሩም

«ምን ያህል ጠጣች?» አለች የመርከቡ ሐኪም።

ኮልቢ ዓይኑን ከሐኪሟ አሸሸ። እህቱ ማርሊ ጠባቧ አልጋ ላይ በጎኗ ተኝታለች። ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል፣ የመዋኛ ልብሷ ላይ ትውከቷ ደርቋል። ገና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ከአንድ ሰዓት በፊት «አንተ ፋራ!» እያለች ስትሰድበው የነበረችው ልጅ አሁን ስሟን ሲጠሯት ዓይኗን መግለጥ አቅቷታል።

«ልጁን ምን ትጠይቂዋለሽ?» አለ አባቱ ክሊንት። ከመዋኛው በቁምጣው ሮጦ ነው የመጣው፤ ከእግሩ ስር ውሃ ኩሬ ሠርቷል። «ያ አስተናጋጅ ነው! ኮማንግ የሚባለው! ምሳ ሰዓት ላይ ጃንጥላ የተሰካበት ብርጭቆ ሲያመጣላት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። በድብቅ አልኮል ጨምሮላት ነው!»

ጃንጥላው እውነት ነው። ብርጭቆው ውስጥ የነበረው ግን የማንጎ ጭማቂ ነው። ኮማንግ የባሊ ደሴት ሰው ነው፤ ማርሊን «ልዕልት» ይላታል። ኮልቢን ደግሞ በየጠዋቱ አገጩን እያየ «አለቃ፣ ፂሙ ዛሬም ቀረ?» ብሎ ሙድ ይይዝበታል።

ኮልቢ ማንጎ እንደነበር ያውቃል። አልተናገረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርከቡ ላይ መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው። መጠጣት ያማረው እዚያው ይግዛ ነው የሚባለው፣ ዋጋው ደግሞ ዓይን ያወጣ ነው። ክሊንት ግን ለዚህ የሚሸነፍ ሰው አይደለም። በየዓመቱ ጉዞው ሲቃረብ ቦሞንት ከተማ ያለው ቤቱ ኩሽና ውስጥ የአፍ መጉመጥመጫ ጠርሙሶችን አጥቦ ሩም የሚባለውን ነጭ አልኮል ይሞላባቸዋል። ከዚያ መጉመጥመጫ እንዲመስል የኬክ ቀለም ያንጠባጥባል፤ ሁለት ጠብታ አረንጓዴ፣ አንድ ጠብታ ሰማያዊ። ክዳኑን አጥብቆ ማሸጊያውን በሙጫ መመለስ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ የኮልቢ ሥራ ነው። ማርሊ ጠርሙሱን ወደ መስኮት ከፍ አድርጋ ቀለሙን ትመረምራለች።

«ጎመን መሰለ» ካለች እንደገና ይበጠበጣል።

እናትና አባታቸው ከተፋቱ ወዲህ ክሊንት ልጆቹን የሚያገኘው በዓመት ሁለት ሳምንት ነው። ለኮልቢ ከባሕሩም ከመርከቡም የሚበልጥበት ያ ኩሽና ነበር። ጋልቬስተን ወደብ ላይ ሻንጣቸው ሲፈተሽ ሦስቱም ቅዱስ መስለው ይቆማሉ። ካለፉ በኋላ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

ዛሬ ግን ኮልቢ አንዱን ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልሎ ወጣ። የመርከቡ የታዳጊዎች ክለብ ጎረምሶች «ጡጦህን ረሳህ እንዴ?» እያሉ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያበሽቁት ከርመዋል። እኔም ወንድ ነኝ ሊል ነው። ከሕይወት አድን ጀልባዎቹ ጀርባ ተሰበሰቡ። ማርሊም ተከትላው ከች አለች።

«ካላቀመስከኝ ስንመለስ ለእማዬ ነው የምነግራት።»

«ሂጂ ወደዛ! ገና ጡት ያልጣልሽ!»

«እሺ፣ እነግራታለኋ!»

በክዳኑ ሰጣት። ሎሚ እንደ መጠጠ ሰው ፊቷን ስትጨመድደው ጎረምሶቹ ሳቁ። ሳቃቸው ደስ አላት። የወረቀት ኩባያ ተቀበለች፤ ደገመች፤ ሠለሰች። ከማንም በላይ የሳቀው ኮልቢ ነበር። ስትወድቅም የምትቀልድ መስሎት ሳቀ። ጎረምሶቹ ነገሩ ሲገባቸው እንደ ጫጩት ተበተኑ። እሱ እህቱን ተሸክሞ ሮጠ።

ማርሊን ክሊኒኩ ትተው ወደ ክፍላቸው እንደተመለሱ ክሊንት ጠርሙሶቹ ወደተደረደሩበት መታጠቢያ ቤት ገባና ቆየ። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሦስተኛው ጠርሙስ የታለ?»

ኮልቢ ፎጣውን ፈትቶ ባዶውን ጠርሙስ አልጋው ላይ አስቀመጠው።

«እኔ ነኝ የሰጠኋት፣ አባዬ።»

አባቱ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ ብሎ ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ።

«ማን አየህ?»

«የክለቡ ልጆች ብቻ ናቸው። እነሱ አይናገሩም።»

«በቃ፣ አንተም አትናገርም።»

«ኮማንግስ?»

«እሱ ትልቅ ሰው ነው፤ ሌላ ሥራ አያጣም።» ክሊንት ቀና አለ። ዓይኑ ቀልቷል። «ስማኝ ልጄ። እናትህ ይሄን ከሰማች ዳኛ ፊት ነው የምታቆመኝ። ያቺኑ ሁለት ሳምንት ትነጥቀኛለች። ከእናንተ ሌላ ምን አለኝ እኔ? እስቲ ንገረኝ፣ ምን አለኝ?»

ኮልቢ አባቱ ሲያለቅስ አይቶት አያውቅም። ክሊንት ተነስቶ ጠርሙሱን በሳሙና አጠበው፤ አንዴም አይደለም፣ ሦስቴ። ከዚያ የኮማንግን ስም መልሶ ሳያነሳ ሊተኛ ወደ ግድግዳው ዞረ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ሳህኑን ያስቀመጠለት ሮኔል የሚባል ፊሊፒናዊ አስተናጋጅ ነው። የኮማንግ ጓደኛ ነው። ፈገግታ የለም፣ ምን ልጨምርልህ የለም።

«ኮማንግ የት ሄደ?» አለ ኮልቢ።

«ታች ነው። ነገ ኮዙሜል ወደብ ስንደርስ ከሥራ አባረው ያወርዱታል።»

«እሱ እኮ ምንም አላደረገም!»

«እሱም እንደዛ ነው ያለው» አለ ሮኔል፣ ፍርፋሪውን እየጠረገ። «አባትህ ግን እንደዛ አላለም። ማንን የሚያምኑ ይመስልሃል?»

ኮልቢ እንቁላሉን ገፋ አደረገው። ሳይጨርስ ተነስቶ ወደ ክሊኒኩ ወረደ። ማርሊ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ስታየው ፈገግ ልትል ሞከረች።

«ራሴን ሊፈልጠኝ ነው» አለች። ቀጥላ ድምጿን ቀነሰች። «ኮልቢ፣ ጠዋት አባዬ መጥቶ፣ የጥበቃ ሰዎቹ ሲጠይቁሽ ‹ኮማንግ ነው የሰጠኝ› በይ አለኝ። እሱ ነው እንዴ የሰጠኝ? እኔ ምንም ትዝ አይለኝም። ጀልባዎቹ ጋ ከመጣሁ ወዲህ ያለው ጠፍቶብኛል።»

ኮልቢ ብርድ ልብሷን አስተካከለላት።

«እኔ ግን ጥሩ ሰው መስሎኝ ነበር» አለች ማርሊ። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «እንዴት እንደዚህ ያደርገኛል? ምን አደረግኩት?»

ግንባሯን ዳበሰ። ትኩስ ነው። «ትንሽ ተኚ፣ መጣሁ» ብሏት ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ እስኪደክመው አለቀሰ። ከዚያ በሸሚዙ እጅጌ ፊቱን ጠረገና ደረጃውን ወደ ታች ያዘ።

የጥበቃው ቢሮ ውስጥ አንዲት ሴት ኮምፒውተር ላይ አፍጥጣለች።

«ጠፋህ እንዴ ልጄ?»

«ኮማንግ አይደለም» አለ ኮልቢ። «እህቴን ያጠጣኋት እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ እጇን ከኮምፒውተሩ አነሳች። «ቁጭ በል። ዕድሜህ ስንት ነው?»

«አሥራ አምስት።»

«መጠጡን ከየት አገኘኸው?»

 ስለ ራሱ የተናገረው ቀላሉ ነበር። ጉልበቱን አየ። 

«ከቤት ነው ያመጣነው። አባዬና እኔ... አብረን ነው የሞላነው።»

ሴትዮዋ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች። ስትናገር ድምጿ ለስልሷል።

«ወላጅ ሳይኖር ቃልህን መጻፍ አልችልም። አባትህን ልጥራው?»

በሩ ገርበብ ብሏል። ከውጭ ሰዎች ወደ መዋኛው እየተንጫጩ ያልፋሉ።

«ክፍላችን ሰባ ሁለት አሥራ አራት ነው» አለ ኮልቢ። «ይደውሉለት።»

ስልኩ ጠራ። አንዴ። ሁለቴ። ከዚያ የአባቱ ድምፅ ከመነጋገሪያው ውስጥ በቀጭኑ ተሰማ። «ሃሎ? ማን ልበል?»

ኮልቢ ተነሳ። ጥግ ላይ የነበረውን ወንበር ጎትቶ ከራሱ ወንበር ጎን አስጠጋውና፣ መልሶ ተቀመጠ።