የማን ወገን ነበሩ?

ከመጀመሪያው ልንገርህ፣ እኔ መንፈስ ታየ፣ ጥላ አለፈ ሲባል ከትከት ብዬ የምስቅ ሰው ነኝ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ናይሮቢ ውስጥ ሰርግና ክርስትና ሳነሳ ስንቱ ደንበኛ «እዚህ ፎቶ ላይ የሆነ ነገር ይታያል» እያለ መጥቶ፣ የሌንስ አቧራ ወይም የመብራት ነጸብራቅ መሆኑን አሳይቼ አሳፍሬ ሸኝቼዋለሁ። አሁን የምነግርህን ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ አላምንም ነበር፣ ግን ዋሽቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ለፎቶ አንሺ ደግሞ ከዚህ የባሰ መሐላ የለም።

ሌላም የማላምንበት ነገር ነበረኝ፣ እሱም በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው። ስልክ አውጥቶ ፎቶግራፈር ነኝ የሚል ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል፣ ባለቤቴ «አንተ ያገባኸው ካሜራውን ነው» ትለኛለች፣ ልክ ናት፣ ያንን ከባድ ነገር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወገቤ ካልተቆረጠ ሥራ የሠራሁ አይመስለኝም።

ነገሩ የሆነው ላቪንግተን የሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ውስጥ በአንድ መልስ ላይ ነው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ልብ በል፣ ጨለማ እንኳ አልነበረም። የሙሽራዋ እናት እትዬ ዘነበች ይባላሉ፣ ፓርክላንድስ ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው፣ ሳቃቸው ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሴት ናቸው፣ ያን ቀን ግን በር ላይ ሲቀበሉኝ ፊታቸው ልክ አልነበረም።

«ምነው እትዬ፣ ልጅ ድረው እንዲህ ይኮናል?» አልኳቸው።

«ልጁ አንጀቴን በላው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሙሽራውን ናትናኤልን ማለታቸው ነው። «ሕፃናት ማሳደጊያ ነው ያደገው፣ ዘመድ የሚባል የለውም። ትናንት ሰርጉ ላይ በሕዝቡ መሐል ተሸፈነለት፣ ዛሬ ግን ወገን ከወገን ፊት ለፊት ነው የሚቀመጠው። ዳቦ ሲቆረስ ከእሱ በኩል ማን ይነሳል? ከእኛ ሰው ላስቀምጥልህ ስለው ደግሞ ያለኝ ይበቃኛል አለኝ።»

ያለው ምን መሰለህ፣ ኢምባካሲ ጭነት መጋዘን ውስጥ አብረውት የሚሠሩ አራት ኬንያውያን ጓደኞቹ ናቸው፣ የተዋሱትን ነጠላ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ማጨብጨቡ የት ላይ እንደሆነ እየተያዩ፣ ከእሱ ጎን ደግሞ አንድ ባዶ ወንበር። ከፊት ለፊት ሰማንያ የሚያህል የሙሽራዋ ወገን ይዘፍናል፣ ከዚህ በኩል የሚመልስ የለም። ናትናኤል ፈገግ እንዳለ ነበር፣ እኔ ግን ፊት ማንበብ እንጀራዬ ስለሆነ ያ ፈገግታ ምን ያህል እንደከበደው አወቅኩ።

በዚህ ላይ የሙሽራዋ ታናሽ እህት ሊዲያ መጣችብኝ፣ እዚሁ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። «ጋሼ፣ በፎንም አንሳልን ፕሊስ፣ አዲስ አበባ ያሉት ሁሉ ፎቶ ሴንድ አድርጉ እያሉ ነው፣ የአንተ ካሜራ ስሎው ነው።»

«እኔ በስልክ አላነሳም» አልኳት።

«ፖሌ ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ግን ማሚ ናት ያለችው፣ ሳዋ? እሺ?» ብላኝ ሄደች፣ እኔም ምን ምርጫ አለኝ፣ እያንዳንዱን ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በካሜራዬ፣ ወዲያው ደግሞ በስልኬ ማንሳት ጀመርኩ፣ እያጉረመረምኩ።

ይኸኔ ከግቢው በር በኩል እልልታ ተሰማ። አንዲት እናት ብቻቸውን ገቡ፣ አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጭ ቀሚስ ለብሰዋል፣ እጃቸው ላይ የብር አምባር ደራርበዋል፣ በተራመዱ ቁጥር ሽል ሽል ይላል። ግራ ቀኝ ሳያዩ ቀጥ ብለው ሄደው ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ የናትናኤልን ራስ ስበው ጆሮው ላይ አንድ ነገር ተናገሩና የሙሽራዋ ወገን ላወረደው ዘፈን መልሱን ብቻቸውን ለቀቁት። ምን ዓይነት ድምፅ ነበር መሰለህ፣ ቤቱ በእልልታ ተናጋ፣ እትዬ ዘነበች «ተመስገን፣ ለካ ሰው አለው» እያሉ ባጠገቤ ሲያልፉ እንባቸውን በነጠላቸው ይጠርጉ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያ መልስ ሌላ መልስ ሆነ። እማማ አራቱን ጓደኞች አስነስተው እስክስታ አስጀመሯቸው፣ ኦቲየኖ የሚባለው በር የሚያህል ልጅ ትከሻውን እንዴት እንደሚያንቀጠቅጥ አሳዩት፣ ሲያቅተው ራሳቸው ትከሻውን ይዘው ነቀነቁት፣ ልጁ በስዋሂሊ «ማማ ዩኮ ሳዋ»፣ እማማ አንደኛ ናቸው፣ እያለ በሳቅ ወደቀ። ዳቦውንም ባርከው የቆረሱት እሳቸው ናቸው። እመነኝ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት እንዲህ የተሳቀበት መልስ አላነሳሁም።

አንድ ነገር ብቻ ያስቸግረኝ ነበር። ካሜራዬን ወደ ዓይኔ ሳስጠጋ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ዝቅ አድርጌ ሳይ እማማ አሉ። ጎንበስ ብለው ይሆናል አልኩ። ዳቦው ሲቆረስ ደግሜ ሞከርኩ፣ በካሜራው ውስጥ የሚታየኝ የናትናኤልና የሙሽራዋ እጅ ብቻ ነው፣ አምባሩ ግን ሽል ሽል ሲል ጆሮዬ ሥር ነው የምሰማው። ስልኩን ሳነሳ እማማ መሐል ላይ ቢላዋ ይዘው ይስቃሉ። አንዳንድ አሮጊቶች ካሜራ ይፈራሉ፣ እኔም ከእነዚያ አንዷ ናቸው አልኩና ጠጋ ብዬ «እማማ፣ ካሜራዬን ይሸሹታል እንዴ?» አልኳቸው።

አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁብኝ፣ «ትልቁን ተወው ልጄ፣ በትንሿ አንሳን።»

እውነቱን ልናገር፣ ቅር አለኝ፣ ግን እሺ ብዬ በስልኬ አነሳኋቸው። መቼ እንደወጡ አላየሁም፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ግን ወንበሩ ላይ አልነበሩም።

ሰኞ ጠዋት ቤቴ ቁጭ ብዬ የካሜራዬን ፎቶዎች ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩ። እማማ የሉም። አንዱም ላይ የሉም፣ ወዳጄ። ኦቲየኖ በሳቅ ወድቋል፣ ትከሻውን የያዘው ግን የለም። አንዱ ፎቶ ላይ ናትናኤል አንገቱን አዘንብሎ፣ የካባው አንገትጌ በማንም ሳይነካ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ወደ ባዶ ቦታ ቀና ብሎ ይስቃል። ስልኬን ከፈትኩ፣ ያው ፎቶ፣ ያው ቅጽበት፣ እማማ አንገትጌውን እያስተካከሉለት ነው። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት፣ ሁለቱን አየችና ሄዳ በሩን ዘጋች።

እትዬ ዘነበች ጋ ደውዬ ነገሩን ሳላወራ ብቻ «እኚያ እናት የማን ወገን ናቸው?» ስላቸው፣ «የናትናኤል ነዋ፣ አክስቱ መሰሉኝ» አሉ። መቼም ታውቃለህ፣ እኛ ድግስ ላይ የመጣን ሰው ማን ነህ ብለን አንጠይቅም፣ ነውር ነው፣ ከዚያኛው ወገን ነው ብለን ምግብ እናነሳለታለን እንጂ።

ናትናኤል ደውዬለት በማግስቱ ከሥራ ሲወጣ ቤቴ መጣ፣ እሱም እንደ እኔ ኢምባካሲ ነው የሚኖረው። የካሜራውን ፎቶዎች አሳይቼው ስልኬን ሰጠሁት።

«እትዬ ዘነበች የላኩልኝ ሰው መስለውኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እንቢ ስላልኩ በዘዴ።»

«ጆሮህ ላይ ምን አሉህ?»

«አደግህ አሉኝ። ሽማግሌ ሁሉ የሚለው ነገር ነው ብዬ አለፍኩት።»

ከዚያ እናቱ እሱን ስትወልድ እንደሞተች፣ አንድም ፎቶ እንዳላስቀረች፣ ልጅ ሆኖ መንገድ ላይ ያየውን ሴት ሁሉ እናቴ ይህን ትመስል ይሆን እያለ ያድግ እንደነበር ነገረኝ። «ብትኖር ስልሳ ይሞላት ነበር» አለ። «አንተ ፊት ታውቃለህ። እኔን ትመስላለች?»

አፌ ውስጥ አቧራ፣ ነጸብራቅ የሚሉት የለመድኳቸው ቃላት አሉ፣ አልወጣም አሉኝ። ይኸኔ ነው ስልኩ እጁ ላይ እንዳለ ያ የሰዎችን ፊት እየለየ የሚያስቀምጠው የፎቶ መዝገብ ጥያቄ ያመጣው። በግራ የእማማን ፊት፣ በቀኝ የእሱን ፊት ክብ ውስጥ አስቀምጦ፣ እነዚህ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው ወይ ይላል፣ ከታች አዎ፣ አይደለም፣ እርግጠኛ አይደለሁም የሚል አለ። ይህን ጥያቄ በፊትም አይቼው አውቃለሁ፣ የቤተሰብ ፎቶ ሳስገባ እህትማማቾችን፣ እናትና ልጅን እንዲህ ያምታታል። የማይዛመዱ ሰዎችን ሲያምታታ ግን አላየሁም።

ናትናኤል እንባው እየወረደ ሳቀ፣ ከልቡ ሳቀ፣ ጣቱን ወደ ስልኩ መስታወት አስጠግቶ ሳይነካ ሰበሰበው። «አንተ መልስለት» አለና ስልኩን ሰጥቶኝ ሄደ።

አሁን ሰርግ ላይ ሁለቱንም ይዤ ነው የምሄደው፣ ካሜራውን ከማንሳቴ በፊት ደግሞ ባዶ ወንበር መኖር አለመኖሩን ዞር ዞር ብዬ አያለሁ፣ ካለ ላብ ያጠምቀኛል፣ ማንም አይሰማብኝ። ስልኩ ጥያቄውን አልተወም፣ በየሳምንቱ ሁለቱን ፊት ያመጣብኛል፣ እኔም ሳልነካ እዘጋዋለሁ። ናትናኤል ባገኘኝ ቁጥር «መለስክለት?» ይለኛል፣ «ገና ነኝ» እለዋለሁ፣ ፊቱ ይበራል፣ ስልኩን «አይደለም» እስካላልኩት ድረስ እናት አለችው።