ነጥብ የሚባለው ተጫዋች

እኔ ጆሮዬ የሰማውን እንኳ ሁለቴ የምመረምር ሰው ነኝ፤ ጁባ፣ ጀበል አካባቢ ሶላር እየገጠምኩ ነው የምኖረው፣ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ሰዎች መንፈስ ነው ሲሉኝ ሽቦው ላልቶ ነው ብዬ አጥብቄ የምሄድ፣ እናቴ በሕልሜ አየሁህ ብላ ስትደውል ራት ምን በልተሽ ነው የምላት። እመነኝ፣ የዚያን እሑድ ከሰዓት ግን የላላ ሽቦ ፈልጌ አጣሁ።

ነገሩ የስልክ ጌም ነው፣ አትሳቅብኝ። ማዳመጫ ጆሯችን ላይ ሰክተን እያወራን የምንታኮስበት ጨዋታ አለ፣ እሑድ ከቸርች መልስ የምንገናኝ የሐበሻ ቡድን ነበረን፣ አለቃው እኔ ነኝ። ከመሃላችን ጎርፉ የሚባል ጎበዝ ተኳሽ አለ፣ በጽሑፍ እንጂ በድምፅ የማያወራ። አንድ ቀን ጉዴሌ የሚባል ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ሶላር ልሰቅል ሄጄ፣ ወጥ ቤት የምትሠራው ልጅ ስልኬን ቻርጅ አድርግልኝ ብላ ስትሰጠኝ፣ ስክሪኑ ላይ የኛው ጌም ተከፍቶ ጎርፉ የሚለውን ስም አየሁት። ጎርፉ አንቺ ነሽ እንዴ ስላት ደነገጠች። ከሚደበድባት ባሏ ሸሽታ እንደመጣች፣ እስከ ጁባ እየፈለጋት እንደሆነ፣ እዚያ ቤት የሚያውቋትም በሌላ ስም እንደሆነ ነገረችኝ። እውነተኛ ስሟንም ነገረችኝና እጄን ያዘች።

«ወንድሜ፣ ስሜን አንተ ጋ ብቻ አስቀምጠው» አለችኝ።

ታዲያ በየሳምንቱ ስም እየቀያየሩ የሚገቡ ልጆች አስቸገሩን፣ የራሳቸውን ቡድን ሰው ከጀርባ ይገድላሉ፣ የእናት ስድብ ያወርዳሉ፣ በተለይ የማይመልሰው ጎርፉ ላይ ይበረታሉ፣ ስናባርራቸው በሌላ ስም ይመለሳሉ። ጓደኛችን ዴንግ፣ አዲስ አበባ አድጎ የተመለሰ የዚህ አገር ልጅ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ሁሉም ስሙንና ስልኩን ቡድኑ ፊት ይናገር፣ ያልተናገረ ይውጣ አለ። እውነቱን ነው። ግን ጭምብሉ ሰዳቢውንም እሷንም እኩል ነው የሸፈነው፣ የእነሱን ልግለጥ ስል የእሷም ሊገለጥ ነው፣ እኔን ያስጨነቀኝ ይሄ ነበር። ቢሆንም ጉዳዩን ለመወሰን ለእሑድ ተቀጣጠርን።

በዚያው ሰሞን ስሙ አንዲት ነጥብ ብቻ የሆነ ሰው ገባ። አይናገርም፣ አይተኩስም፣ ማይኩ ግን ሁልጊዜ ክፍት ነው።

እሑድ ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር። ሰው እስኪሞላ ስንጠብቅ ከነጥብ በኩል ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰማሁ፣ ሌላ ሰፈር ነው አልኩ፣ ብዙም ሳይቆይ እኔ ጋ ዘነበ። እሺ፣ ደመናው ከሱ ሰፈር መጣ እንበል። ቀጥሎ የውሃ ቦቴ ጥሩምባና «ሞዮ፣ ሞዮ» እያለ ውሃ የሚሸጥ ሰው ሰማሁ፣ ትንሽ ቆይቶ ቦቴው እኛ በር ላይ ቆመ፣ ያው ጥሩምባ፣ ያው ጎርናና ድምፅ። ከዚያ ብረት ወድቆ ሲንከባለል ሰማሁ፣ ምንድነው ብዬ ዞር ስል በክርኔ ካቻቢቴዬን ከጠረጴዛው ላይ ጣልኩት፣ ተንከባለለ። ዴንግን ነጥብ ይሰማሃል ወይ ብዬ በጽሑፍ ጠየቅኩት፣ ማይኩ እኮ ዝግ ነው አለኝ።

ያኔ ነው ከነጥብ በኩል የዴንግ ድምፅ የመጣው፣ ጎርፉ ስሙን ካልተናገረ ሰዳቢዎቹን የሚያስገባው ራሱ ነው ይላል፤ ዴንግ ግን ገና ምንም አልተናገረም። ቀጥሎ የራሴ ድምፅ መጣ። በቁጣ፣ ተዋት፣ ሴት ናት እላለሁ፣ ከዚያ ሙሉ ስሟን ከነምግብ ቤቱ እናገራለሁ። ከኔ ቀጥሎ የማላውቀው ሰው ተናገረ፣ በጣም በትሕትና።

«አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ስፈልጋት ብዙ ደክሜ ነበር» አለ።

ወዲያው ዴንግ ያንኑ ነገር ቃል በቃል ተናገረ። ተናድጄ ልመልስለት አፌን ከፈትኩ፣ ራሴን አውቀዋለሁ፣ ሰው በሐሰት ሲወነጀል ዝም ማለት አይሆንልኝም፣ ልከላከልላት እኮ ነው! ማዳመጫውን ከነማይኩ ነቅዬ ወረወርኩት፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነዋ። ስመለስ ነጥብ የለም። ዴንግን ብጠይቀው ወጥቶ ይሆናላ አለኝ።

ስም ማንንም አልጠየቅኩም። አዲስ ሰው ከቆዩት አባላት አንዱ ዋስ ካልሆነው አይገባም፣ ቢሳደብ ዋሱም አብሮት ይወጣል አልኩ። ስድቡ ቀነሰ፣ ፈጽሞ ግን አልጠፋም። ጎርፉ «ተመስገን አምላኬ» ብላ ጻፈች።

ዝናቡ መጣ፣ ቦቴው መጣ፣ ካቻቢቴው ወደቀ፣ ዴንግም ተናገረ። ያልመጣው የኔ ቃል ብቻ ነው፣ ቀርቷል ወይስ ዘግይቷል፣ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው የሶላር ዕቃ ሱቄ ገብቶ የባትሪ ዋጋ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፣ አመሰግናለሁ ወንድሜ አለ። ያው ድምፅ ነው ብዬ አልምልም። ሊወጣ ሲል ግን ዞር ብሎ ጉዴሌ በኩልም ትሠራለህ አይደል አለኝ። ጉዴሌን ረግጬ አላውቅም አልኩት፣ ፈገግ ብሎ ሄደ።

እሷን በጎርፉ ስም ጽፌ አስጠንቅቄያታለሁ። ቸርች ጮክ ብዬ ስጸልይላት እንኳ ያቺን ልጅ እያልኩ ነው፣ ጌታ ስሟን ያውቀዋል፣ አጠገቤ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማኝ ማን እንደሆነ ግን እኔ አላውቅም።